ክዳን የሌለው ቦይ

ጁን 16፣ ሐሙስ

ዛሬ እህቴን ፔይፔይን ሸኘናት።

እናቴና አባቴ አልመጡም። በልማዳችን ወላጅ የሞተ ልጁን አይሸኝም፤ ትልቅ ለትንሽ አይሰግድም። ስለዚህ በድንኳኑ በር ላይ ቆሜ ለመጣው ሁሉ ጎንበስ ያልኩት እኔ ነኝ። ወገቤን አሁንም ያመኛል።

እናቴ የፈለገችው ትንሽ ሽኝት ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ስንት ሰው ታውቃለች? የክፍሏ ልጆች፣ አስተማሪዋ፣ ቁርስ ቤታችን የሚመጡ ደንበኞች። ጠዋት ስንነሳ ግን ድንኳኑ ሰፍቶ መንገዱን ይዞታል። የወረዳው ምክር ቤት አባል የአቶ ኩዎ ሰዎች ናቸው ያሰፉት። ዙሪያውን የባለሥልጣናት ስም የተጻፈበት ነጭ የሐዘን ጨርቅ ሰቅለዋል፤ ትልቁ ሹም ከላይ፣ ትንሹ ከታች። የፔይፔይን ስም ፈልጌ ነው ያገኘሁት።

አቶ ኩዎ ስማቸው ደረቱና ጀርባው ላይ የታተመበትን ሰደርያ ለብሰው መጡ። በኖቬምበር ለወረዳ አስተዳዳሪነት ይወዳደራሉ። ትከሻዬን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። እጃቸው ከባድና ሙቅ ነው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«አሃን፣ ታናሽ ወንድሜ፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ሌላ ልጅ እዚያ ቦይ ውስጥ አይወድቅም» አሉኝ።

ካሜራ ነበር፤ አውቃለሁ። ቢኖርስ? እስከ ዛሬ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም። ሌላው ሁሉ «በርታ» ነው የሚለው።

ወደ አስከሬን ማቃጠያው ስንሄድ መኪናው በእኛ መንገድ አለፈ። ቦዩ ዳር አንዲት ሴት የወረዳውን ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሳ፣ ተንበርክካ ሜትር ዘርግታለች። መኪናውን ስታይ ተነሳች፣ የራስ ቁሯን አውልቃ ጎንበስ አለች። ካለፍን በኋላ ዞሬ ሳያት ተመልሳ ተንበርክካለች። በፔይፔይ ሽኝት ቀን! ሌላ ቀን አጣች?

ጁን 20

ትምህርት ቤት። የፊዚክስ ፈተና። ባዶ ወረቀት ላለመስጠት ስሜን ሁለት ጊዜ ጻፍኩ።

እንዴት እንደሆነ ሁሉም ይጠይቃል። ምን ይነገራል? ዘነበ። ውኃው መንገዱንና ቦዩን እኩል አድርጎ ሸፈነ። መንገዱ የት እንደሚያልቅ፣ ቦዩ የት እንደሚጀምር አይታይም። ከትምህርት ቤት እየተመለሰች ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ማንም «የት ነበርክ?» አላለኝም። ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

አሁን በብስክሌት የምሄደው በቤተ መቅደሱ በኩል ነው። ይረዝማል፤ ግን ጥላ አለው።

ጁን 23

እናቴ ቁርስ ቤቱን ከፈተች። አባቴ «ገና ነው፣ ትንሽ ቆዪ» አላት፤ እሷ ምጣዱን መፋቅ ጀመረች። አባቴ ማታ ማታ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ጭኖ ታይፔ ገበያ ያደርሳል፤ ቀን ይተኛል። ይተኛል ይባላል እንጂ ጣሪያ ሲያይ ነው የሚውለው።

ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት የአኩሪ አተር ወተት በከረጢት እሞላለሁ። ጎረቤታችን እማማ ዲንግ ከሁለት ሴቶች ጋር ጥግ ተቀምጠዋል። የእሳቸው ደጅ ከቦዩ ጋር ይዋሰናል። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል፤ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሹክሹክታቸው የሌላ ሰው ጩኸት ያህላል።

«ውኃ የወሰደው ሰው ምትክ ካላገኘ አይሄድም። በእሱ ቦታ የሚቀር ሌላ ሰው ይጎትታል። እኔ ሹዋንን እጁን ሳልይዝ አላሳልፍም። በተለይ ልጅ ልጅን ነው የሚፈልገው።»

ሹዋን የልጅ ልጃቸው ነው። ሰባት ዓመቱ ነው። ከፔይፔይ ጋር ቀንድ አውጣ ይለቅም ነበር።

እናቴ ምጣዱ ላይ ቂጣ በእንቁላል እየጠቀለለች ነበር። ሰምታለች። እጇ አልቆመም። ጠቅልላ፣ ቆርጣ፣ ወጥ ጨምራ ራሷ ወስዳ ፊታቸው አስቀመጠችው። «እማማ፣ በትኩሱ ይብሉ» አለች።

ሌላ ሰው እዚያ ቦይ ውስጥ ቢወድቅ ፔይፔይ ጎተተችው ይባላል። ሹዋን ቢወድቅ፣ የሰከረ ሽማግሌ ቢወድቅ፣ ውሻ እንኳ ቢወድቅ እሷ ናት የሚባለው። እኔ አርጅቼ ስሞት እንኳ በዚህ መንደር ስሟ እንደዚያ ሆኖ ይቀራል። ቦዩ መከደን አለበት። ሌላ ነገር አልፈልግም።

ጁላይ 2፣ ቅዳሜ

አቶ ኩዎ ጋዜጠኞች ጠርተው ነበር። እስከ ጉልበት የሚደርስ የላስቲክ ቦት አድርገው ቦዩ ውስጥ ገቡ። ውኃው ዛሬ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ነጭ አበባ በተኑ። «አስተዳደሩ የት ነበር? የት ነበር?» ብለው ሲጮሁ ድምፃቸው ከኮንክሪቱ ጋር ተጋጭቶ አስተጋባ። ከዚያ መኪናቸው ላይ ያለው መድረክ ላይ አወጡኝ። ቦዩን ከሩቅ ነው ያየሁት፤ ከመድረኩ ጥሩ ይታያል።

ድምፅ ማጉያውን ሲሰጡኝ የምለው የጠፋኝ መስሎኝ ነበር። አልጠፋኝም። «እህቴ ስምንት ዓመቷ ነበር» አልኩ፤ ሰው ጸጥ አለ። «ከዚህ በኋላ ማንም እንዲህ አይሁን» ስል ጭብጨባው ፈነዳ። ያጨበጨቡት ለፔይፔይ ነው።

ሙሉ ቀን ሰውነቴ ቀለል አለኝ። ቤት ስገባ ለእናቴ ላሳያት ስልኬን ዘረጋሁላት። አላየችውም። «በላህ?» አለችኝ።

ጁላይ 7

በአውቶቡስ ውስጥ እየጻፍኩ ነው። የምክር ቤቱን ስብሰባ ቪዲዮ የአቶ ኩዎ ገጽ ላይ አየሁት። ያቺን ባለ ሜትር ሴት መሐል አቁመዋታል። መሐንዲስ ፓን ትባላለች፤ የወረዳው የሥራ ክፍል ናት። አቶ ኩዎ ትንሽ ቀይ ጫማ ጠረጴዛው ላይ በኃይል አሳረፉ።

«ለመሆኑ ልጅ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ለዚህ ነዋ! ለዚህ ነው እንቅልፍ የሚወስድሽ!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እሷ «የተከበሩ አባል፣ የክዳኑ ነገር አምስተኛው አጀንዳ ላይ አለ፣ ከደረስን…» ስትል ቪዲዮው ያበቃል። የልብ ምልክቱን ተጫንኩ። ሁለት ጊዜ አይሠራም እንጂ ሁለት ጊዜ እጫነው ነበር።

የፔይፔይ ጫማ ሰማያዊ ነበር። ግን ቁም ነገሩ ሐሳቡ ነው።

ጁላይ 14

ልሰድባት ሄድኩ። ዛሬ ከሰዓት የማጠናከሪያ ትምህርት የለንም። በአውቶቡስ ላይ የምለውን ሁሉ ተለማምጄ ነበር።

የወረዳው ጽሕፈት ቤት ሁለተኛ ፎቅ። መሐንዲስ ፓን የምሳ ሣጥኗን ከፍታ ትበላለች። በአንድ እጇ ስልክ፣ በሌላው ቾፕስቲክ። አርባዎቹን የተሻገረች ትመስላለች። አወቀችኝ።

«የፔይፔይ ወንድም ነህ። ቁጭ በል። በልተሃል?»

«ስለ ምሳ አልመጣሁም። አያፍሩም?»

«አፍራለሁ» አለች፤ ሩዟን ዋጠች። «ቀጥል።»

የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋኝ። «አቶ ኩዎ ባይጮኹ ኖሮ ማንም ምንም አይሠራም ነበር» አልኩ።

«ቪዲዮውን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«እስከ መጨረሻው?»

ከዚያ የምክር ቤቱን የራሱን ቅጂ ከፈተችልኝ። ያልተቆረጠውን። ጩኸቱ ምሳ ሰዓት ድረስ ይሄዳል፤ ከምሳ በኋላም ይቀጥላል። ሌሎቹ አባላትም ከእሳቸው ላለማነስ ይጮኻሉ። መጨረሻ ላይ ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን አየና «አምስተኛውና የቀሩት አጀንዳዎች ለመጸው ጉባኤ ይተላለፉ፤ የሚደግፍ?» አለ። አንድ ሰው ኮቱን እየለበሰ እጁን አወጣ። «ደግፌያለሁ።»

አቶ ኩዎ ነበሩ።

መሐንዲስ ፓን ማያውን አጠፋችና የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቶፉዋን በሣጥኗ ክዳን ላይ አድርጋ ወደ እኔ ገፋችው። በላሁት። ለምን እንደበላሁት አላውቅም።

«በጀቱ ባይኖርም ሌላ በር አለ» አለች። «ለተሰበረ ነገር ጥገና ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ተቋራጭ አለን። የቦዩ ጠርዝ ተሰብሯል፤ ለክቼዋለሁ። ጠርዙን ስጠግን ክዳን የሚያርፍበት ከንፈር አብሬ አወጣለሁ። ምክር ቤት አያስፈልገውም፣ ንግግርም አያስፈልገውም።»

«ታዲያ ለምን አልተጠገነም?»

«ጠርዙ የወረዳው አይደለም፤ የጎረቤትህ የእማማ ዲንግ ደጅ ነው። ካልፈቀዱ አንድ ድንጋይ አልነካም። ሦስቴ ሄጄ ሦስቴ ሻይ ጠጥቼ ተመልሻለሁ። ሻያቸው ደግሞ መራራ ነው። ሁለተኛው ችግር፣ በወሩ መጨረሻ የመናፍስት ወር ይገባል። በዚያ ወር መሬት የሚቆፍር ሠራተኛ አታገኝም። ያውም ውኃ ዳር። ያውም…»

አልጨረሰችውም።

«ያውም ሰው የሞተበት» አልኩላት።

«አዎ።»

ስወጣ «አውቶቡስ ማቆሚያው በስተ ግራ ነው» አለችኝ። ሌላ የማጽናኛ ቃል አልነበራትም።

ጁላይ 17

አቶ ኩዎ ቢሯቸው ጠሩኝ። በወርቅማ ቀለም የተቀቡ አካፋዎች ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል፤ እጀታቸው ላይ ቀይ ጥብጣብ ታስሯል።

«አሃን፣ ይቺ የአንተ ናት። ቀኑን በቀን ቆጣሪ አስወጥቻለሁ። በሴፕቴምበር፣ የመናፍስት ወር እንዳለቀ፣ መልካም ቀን አለ። መሬት የመቆፈሪያ ሥነ ሥርዓት እናደርጋለን። አንተ በቀኜ ትቆማለህ። ጣቢያዎቹ በሙሉ ይመጣሉ። በጀቱ በመጸው ይጸድቃል፤ እኔ ራሴ አስጸድቀዋለሁ።»

«ዝናቡስ?» አልኳቸው።

«የምን ዝናብ?»

«ከሴፕቴምበር በፊት የሚመጣው። አውሎ ነፋስ ቢመጣስ?»

ሳቁ። በክፋት አይደለም። ትከሻዬን ያዙኝ፤ እጃቸው አሁንም ሙቅ ነው። «ታናሽ ወንድሜ፣ ሕዝብ ያላየው ሥራ አልተሠራም ማለት ነው። ትንሽ ትዕግሥት።»

አካፋዋን አነሳኋት። ቀላል ናት። አፈር የምትይዝ አይመስለኝም።

ከዛሬ ጀምሮ አንቱታውን አንስቼበታለሁ። በደብተሬ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ገና አልደፈርኩም።

ጁላይ 18

መድረኩ ላይ የተናገርኩትን ደግሜ አየሁት። ከጭብጨባው በኋላ ፈገግ ብያለሁ። ትንሽ ነው። ግን ብያለሁ።

ጁላይ 29፣ ዓርብ

የመናፍስት ወር ገባ፤ ሙታን ተርበው ወደ ሕያዋን ደጅ የሚመጡበት ወር ነው። መናፍስት ተብለው አይጠሩም፤ «መልካሞቹ ወንድሞች» ነው የሚባሉት፣ እንዳይቀየሙ። መንደሩ በሙሉ ደጁ ላይ ጠረጴዛ አውጥቶ ፍራፍሬ፣ ብስኩትና ሩዝ ደርድሯል።

እናቴም ደረደረች። ከአናናሱ ጀርባ አንድ ትንሽ ጠርሙስ የእርጎ መጠጥ አለ፤ ቀጭን ሮዝ መምጠጫ ተሰክቶበታል። ወላጅ ለልጁ መሥዋዕት አያቀርብም። ሳየው አየችኝ።

«ለመልካሞቹ ወንድሞች ነው» አለች።

«አዎ» አልኩ።

ኦገስት 4

ጠርዙ እንዲጠገን ፈቃድ ልጠይቅ እማማ ዲንግ ዘንድ ሄድኩ። ሹዋን ጣሪያ በሌለው ግቢ ውስጥ ኳስ እያነጠረ ነበር።

«በዚህ ወር?» አሉ፤ እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው። «ልጄ፣ አእምሮህን ስተሃል? መሬት ይቆፈራል በዚህ ወር? ያውም እዚያ! አንዱ ሠራተኛ ቢወድቅስ? ደጁ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ኩዎ በሴፕቴምበር ያደርገዋል። ነግሮኛል። የሩዝ ማብሰያም ሰጥቶኛል።»

«ከሴፕቴምበር በፊት ቢዘንብስ?»

«ሹዋንን እጁን እይዘዋለሁ። እኔ የምፈራው ዝናቡን አይደለም…»

«ፔይፔይ ማንንም አትጎትትም!»

ጮህኩ። ትልቅ ሰው ላይ ጮህኩ። ሹዋን ኳሱን ያዘ። እኔም ሮጬ ወጣሁ።

አበላሸሁት። አንድ በር ነበር፣ እሱንም ዘጋሁት።

ኦገስት 8

ሬዲዮው ከምሥራቅ አውሎ ነፋስ እየተፈጠረ ነው ይላል። ወደ እኛ ይምጣ አይምጣ ገና አልታወቀም።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። መሐንዲስ ፓን ያለችውን፣ ኩዎ ያለውን፣ እማማ ዲንግ ላይ መጮሄን። ጽዋ እያጠበች ሰማችኝ። አልተቆጣችም። ሁለት የእንቁላል ቂጣ ጠቀለለች፣ በወረቀት አድርጋ «ና» አለችኝ።

እማማ ዲንግ በሩን በግማሽ ከፈቱ። እናቴ አልገባችም፤ ደጃፉ ላይ ቆማ ነው የተናገረችው። ከሽኝቱ ወዲህ ይህን ያህል ስትናገር አልሰማኋትም።

«እማማ፣ ባለፈው ያሉትን ሰምቻለሁ። አልተቀየምኩም። ሹዋንን በየቀኑ በእጅዎ ይዘው ያሻግሩታል። እጅዎ የደከመ ቀንስ? እኔ እጄ የደከመ ቀን የለም ብዬ ነበር የማስበው። ልጄ ሰው ትጎትታለች ብለው ካመኑ ይዝጉባት። ካላመኑም ይዝጉላት። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

እማማ ዲንግ ቂጣውን ከነወረቀቱ ተቀበሏት። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞረው፣ በዚያ ሹክሹክታ በማያውቅ ድምፃቸው ጮሁ፦

«ሹዋን! ማኅተሜን አይተኸዋል? ያ መሳቢያ ውስጥ ያለውን! ሻማ እያቀለጥክ ስትጫወትበት አይቼሃለሁ!»

የፈቃዱ ወረቀት ላይ እንደ ፊርማ የሚመታው ማኅተም የተገኘው ሩዝ ማብሰያው ውስጥ ነው። ሹዋን የኩዎን ስጦታ የሀብት ማስቀመጫ አድርጎታል። እናቴ ሳቀች። አጭር ነው፣ በአፍንጫዋ ነው፤ ግን ሳቅ ነው።

ኦገስት 12፣ ዓርብ

ዛሬ መጡ። በዚህ ወር ለመቆፈር መሐንዲስ ፓን ያግባባቻቸው አራት ሠራተኞችና አንድ ፎርማን። መሐንዲስ ፓንም አለች። ከሥራ በፊት ያልጠበቅኩትን ነገር ጠየቁኝ።

ፎርማኑ እንደ ጫት የሚያነቃ የዘንባባ ፍሬ የሚያኝክ፣ ጥርሱ የቀላ ሰው ነው። መዶሻውን መሬት ላይ አኑሮ «እኛ መሥራቱን እንሠራለን» አለ። «ግን መጀመሪያ አንድ ሰው ይንገራት። እኛ እንግዳ ነን፤ ልጅ ናት፣ ልትደነግጥ ትችላለች። ወላጆቿ አይችሉም። ወንድሟ አንተ ነህ?»

ወደ ቦዩ ሄድኩ። ከሞተች ወዲህ እዚያ ጠርዝ ላይ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። ጠባብ ነው። እንዲህ ጠባብ መሆኑን ረስቼው ነበር፤ አንድ ትልቅ ሰው ዘልሎ ያልፈዋል።

ሦስት የዕጣን ስንጥር ለኮሱልኝ። አንድ ጠርሙስ የእርጎ መጠጥ ከኪሴ አወጣሁ። መድረክ ላይ እንደዚያ የፈሰሰው አንደበቴ ታሰረ። «እ… ውድ እህቴ ሆይ፣ የተከበሩ የወረዳው ሠራተኞች ዛሬ…» አልኩ። እንደ ኩዎ ነው የተናገርኩት። ራሴን ሰማሁት።

ከዚያ ፈቃዷን ለመጠየቅ ሁለት ሳንቲም ጣልኩ። አንዱ ፊቱን አንዱ ጀርባውን ከሰጠ እሺ ማለቷ ነው። ሁለቱም ፊታቸውን ሰጡ።

ፎርማኑ አጎንብሶ አየ። «እየሳቀችብህ ነው» አለ።

ሁለቱም ፊት ሲሆን እንደዚያ ነው የሚነበበው። ሠራተኞቹም ፈገግ አሉ። መሐንዲስ ፓን ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረች።

«እንደ ወንድም ንገራት» አለኝ ፎርማኑ።

ቁጭ አልኩ። «ፔይፔይ» አልኩ። «ሰዎች ሊሠሩ መጥተዋል። ብዙ ይጮኻል፣ ጆሮሽን ያዥ። ክዳን ሊያደርጉበት ነው። ሹዋን ቂል ነው፣ ታውቂዋለሽ፣ እያየም አይራመድም። ስለዚህ ነው። እርጎውን አምጥቼልሻለሁ፤ እናታችን ናት የላከችው፣ ለመልካሞቹ ወንድሞች ነው ብላ ነው፣ ግን ለአንቺ ነው። ቶሎ ባለመምጣቴ…»

ሌላውን አልጽፈውም። እሷ ሰምታዋለች።

ሳንቲሞቹን ጣልኩ። አንዱ ፊት፣ አንዱ ጀርባ።

ፎርማኑ መዶሻውን አነሳ።

ኦገስት 15

ድር ድር ድር። ቀኑን ሙሉ። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። የአባቴ እንቅልፍ ይረበሻል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ገብቼ ሳየው እያንኮራፋ ነው።

ኦገስት 16

እማማ ዲንግ ለሠራተኞቹ ሻይ ያመላልሳሉ። «መራራ ነው» ብሎ የደፈረ የለም። መሐንዲስ ፓን ከንፈሩ ላይ ተኝታ በውኃ ልክ ትለካለች፤ አንዱን አልወደደችውም፣ አስፈርሳ እንደገና አስሠራችው። ፎርማኑ ተቆጣ። «ለአንድ ጣት ስፋት!» እሷ፦ «የልጅ እግር ስንት ጣት ነው?» ፎርማኑ እንደገና ሠራው።

ኦገስት 19፣ ዓርብ

ተከደነ። የብረት ፍርግርግ፤ ዘንጎቹ የብስክሌት ጎማ እንዳይነክሱ አግድም የተበየዱ፣ ቅጠል ሲሞላ የሚነሱ። ሪባን የለም፣ ንግግር የለም። ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን አጥበው ሄዱ።

ማታ ላይ ኩዎ ደወለ።

«አሃን፣ ምነው ሳትነግረኝ? ሥነ ሥርዓቱስ? አካፋህስ?»

«ዝናብ እየመጣ ነው፣ አቶ ኩዎ።»

«እሱማ… እሱማ ልክ ነው። ግን ወንድም ወንድሙን እንዲህ አያደርግም።»

እኔ የአንዲት ልጅ ወንድም ነኝ ልለው ነበር። አላልኩትም። ደህና እደር አልኩት።

ኦገስት 20

ኩዎ ፍርግርጉ ላይ ቆሞ አውራ ጣቱን አንስቶ የተነሳውን ፎቶ ለጠፈ። «ቃሌን ጠብቄያለሁ!» ከሥሩ ብዙ ልብ አለ። ደሜ ፈላ። ቀጥታ ለመሐንዲስ ፓን ደወልኩ።

«አየሁት» አለች።

«አይናደዱም?»

«ያ ፍርግርግ የጭነት መኪና ይሸከማል። እሱንም ይሸከማል። ይልቅ አውሎ ነፋሱ አቅጣጫውን ቀይሯል፣ ረቡዕ እኛ ጋ ነው። ቅጠሉን ጥረጉት።»

ዘጋችው። አባቴና እኔ ቅጠሉን ጠረግን። አባቴ ፍርግርጉን በእግሩ ሁለቴ ረገጠው፤ ከዚያ በሁለት እግሩ ዘለለበት። እኔ የመጥረጊያውን እጀታ ይዤ ዳር ቆምኩ።

ኦገስት 24፣ ረቡዕ

ትምህርትና ሥራ ተዘግቷል። ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል። መብራት ጠፍቷል።

ረፋድ ላይ። ውኃው መንገዱን ሸፈነ። ቦዩ የት እንዳለ አይታይም። ልክ እንደዚያ ቀን። ሁለተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ነኝ።

ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ መጻፍ አልቻልኩም።

የሹዋን ኳስ ከግቢው ተንሳፍፎ ወጣ። ሹዋን ከኋላው ወጣ። ባዶ እግሩን፣ በቁምጣ፣ ማንም እጁን ሳይዘው። ኳሱ ወደ ቦዩ ሄደ፣ ልጁም ወደ ቦዩ ሄደ። መስኮቱን መክፈት አቃተኝ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። ጉልበቴ ተልጧል፤ ስለዚህ ወድቄ ነበር ማለት ነው።

ስደርስ ሹዋን እዚያው ላይ ቆሟል። ልክ እዚያው። ውኃው ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ነው። ከእግሩ ሥር ቦዩ ያጓራል፤ ውኃው በፍርግርጉ መሐል እየተጠባ ይሽከረከራል። ኳሱን አቅፏል። እግሩን እያነሳ ብረቱን ይረግጣል።

«ጋሼ አሃን፣ ስማው! ይጮኻል!» አለኝ። ደግሞ ረገጠው።

እጁን ያዝኩት። ወዲያው አላወጣሁትም። ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም እዚያው ቆምን። ብረቱ ከእግሬ ሥር ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው። አይነቃነቅም።

ከዚያ እማማ ዲንግ እየጮሁ መጡና ጆሮውን ይዘው ጎትተው አስገቡት። ከአውሎ ነፋሱ ይልቅ የእሳቸው ድምፅ ተሰማ።

ኦገስት 25

ሰማዩ ጠርቷል። ቁርስ ቤቱ ሞልቷል። እማማ ዲንግ ጥጋቸው ላይ ሆነው በሹክሹክታ መንደሩን በሙሉ ይነግሩታል፦

«ፔይፔይ ናት የያዘችው። ከሥር ሆና በሁለት እጇ ደግፋ! እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥሩ ልጅ ነበረች። ድሮም ጥሩ ልጅ ነበረች።»

የያዘው ብረት ነው። ብየዳውን አይቻለሁ፣ ከንፈሩ ሲፈርስና ሲሠራ አይቻለሁ። ግን ወተቱን በከረጢት መሙላቴን ቀጠልኩ። እናቴ ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። እማማ ዲንግ ሳይጠይቁ ሁለተኛ ቂጣ ሰጠቻቸው።

ለመሐንዲስ ፓን ደወልኩ። ከኋላዋ ብዙ ስልክ ይጮኻል።

«ፍጠን፣ ሦስት መንገድ ተዘግቶብኛል። ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ምን ማለት ነው ምንም?»

«ውኃው ሞላ፣ ልጅ ፍርግርጉ ላይ ቆመ፣ ምንም አልሆነም።»

በመስመሩ ውስጥ ትንፋሿን ሰማሁት፤ ረጅም ነበር። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገች።

«እሺ» አለች። «ቅጠሉን ጥረጉት።»

ዘጋችው።

ኩዎ ዛሬ ሌላ መንደር ነው፤ ድልድይ ተሰብሯል፣ ቦቱን አድርጎ ገብቷል። እኛ ጋ የሚመጣ የለም። ምንም ባልሆነበት ቦታ ምን ንግግር ይደረጋል? እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ምሳ በልቼ ተኛሁ፤ የነቃሁት ለእራት ነው።

ኦገስት 30፣ ማክሰኞ

ትምህርት ተጀመረ። የመጨረሻ ዓመቴ።

ብስክሌቴን አወጣሁ። ወደ ቤተ መቅደሱ ዞሬ ነበር፤ ከዚያ መሪውን መለስኩት። በእኛ መንገድ ሄድኩ። ፍርግርጉ ከጎማዬ ሥር አንዴ ድርር አለና ዝም አለ።

የቤተ መቅደሱ መንገድ ጥላ የለውም። ኖሮትም አያውቅም።